የሩቅ አገር ተማሪ አያያዝ፤ ከጋይንት ጉባኤ ቤት እስከ አራት ኪሎ

ለከፍተኛ ትምህርት ከአገሩ የሚወጣ ሰው ሁለት ነገሮችን ይዞ ሊሄድ አይችልም፤ ዘመዱንና ጎተራውን። ስለዚህ የአንድ ታላቅ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲመረመር ምን እንደተማረበት ብቻ ሳይሆን፣ ከሩቅ የመጣው ተማሪ ማን አብልቶት፣ የት አድሮ እንደተማረ መጠየቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ይገኛል።

ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል፣ የጉናን ተራራ ታክኮ ወደ ጋይንት የሚዘልቀው መንገድ ለረጅም ዘመን የተማሪ መንገድ ነበር። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር ደግሞ የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ናቸው። በትውልድ አገሩ ድጓ የተማረ ሰው በመምህርነት ይታወቅ ዘንድ ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር ነበረበት። በዚህም ምክንያት ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጡት ተማሪዎች ፊደል ቆጣሪዎች አልነበሩም፤ ለዓመታት የተማሩና የመጨረሻውን ማዕርግ የሚሹ ጎልማሶች ነበሩ። በዛሬው ሚዛን ቢመዘኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊባሉ ይችላሉ።

እነዚህን ሰዎች የሚያኖር የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ ልማድ ግን ነበረ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ በየደጁ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። ጎጆውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይቀልሳል። የኔታ ሁሉን ብቻቸውን ማዳረስ ስለማይችሉ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል፤ ሲታመምም የሚያስታምመው እርሱው ነው። እንጀራውን የሚቈርስለት ገበሬም ምጽዋት ብቻ አይሰጥም ነበር፤ የራሱ ልጅ በዚያው ሰዓት በሌላ አገር ደጅ ቆሞ ይለምን ይሆናልና የማያውቀውን ልጅ ሲያበላ የራሱን ልጅ በማያውቀው ሰው እጅ ያስበላ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ያለ ጕድለት አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ተስቦ፣ ብርድና ረሃብ ብዙውን ተማሪ ከመንገድ አስቀርተዋል፤ ሴቶችም በጉባኤው የነበራቸው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነበር። ከሁሉ በላይ ድጋፉ በመኸሩ ላይ የቆመ ስለሆነ ዝናም በቀረበት ዓመት አኮፋዳውም ባዶውን ይመለሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ አዋጁ ለገበሬው የመሬት ባለይዞታነትን ያስገኘለት ቢሆንም፣ በቤተ ክርስቲያን መሬት ይተዳደሩ የነበሩት መምህራን መተዳደሪያቸውን አጥተዋል። ጉባኤዎቹ ያልተዘጉት ከሞላ ጎደል በገበሬው ቁራሽ ብርታት ነው።

ሁለተኛው መልስ የመንግሥት ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያ የአገር ልጆችን ብቻ የሚያስተምር ነበር። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት አክራ ላይ ጉባኤ ባደረጉበት ዓመት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠ። ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ተማሪዎች ማደሪያና ምግብ ተዘጋጅቶላቸው ተማሩ። ከእነዚህም አንዱ አገሩ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የመጣው ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ ነበር፤ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል።

በዚህ ጊዜ ተማሪው የሚለምነው ቁራሽ አልነበረም፤ መዝገቡና ገንዘብ ቤቱ ተክተውታል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን መንግሥት አስቦ ያላደረገው አንድ ነገርም ተከተለ። እንግዶቹ የነፃነት ትግል ከተፋፋመባቸው አገሮች የመጡ፣ በግልጽ መከራከርን የለመዱ ነበሩ። ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር በአንድ ማዕድ እየበሉ ስለ አፍሪካና ስለ መብት ተወያዩ። ራንዲ ባልስቪክና ባሕሩ ዘውዴን የመሳሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች እነዚህ እንግዶች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ መንቃት የነበራቸውን ድርሻ ሳይጠቅሱ አላለፉም። ሊያስተምር የጠራ መንግሥት ለልጆቹ ሌላ መምህር ጠርቶ ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ አንዱ የጎደለው በሌላው ይገኛል። ጋይንት በጀት አልነበራትም፤ አዲስ መጪውን የሚያስቀጽል ነባር ተማሪና በሩን የሚከፍት ባለአገር ግን ነበራት። አራት ኪሎ በጀት ነበረው፤ በጀት ግን ማዕድ እንጂ ወዳጅነት አይገዛም፤ ወዳጅነቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው በማደሪያው ፈጠሩት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር የሚመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሲቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ክፍያውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ጥያቄ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ በመጀመሪያው ወር ቋንቋውን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ገበያውን የሚያሳየው፣ ሲታመምም ደጁን የሚያንኳኳ ነባር ተማሪ ተመድቦለታልን? ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ደብረ ታቦር ይህን ልምድ ለመቅሰም ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም፤ የአቋቋሙ ጉባኤ ከደጇ ነው።