ስለ ቢልባኦ ሕፃናት በእንግሊዝ አገር የተደረገ ክርክር

በቅርቡ በአንድ ሰንበት ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጠን ሳለን፥ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ስለ ገቡት ሰዎች ነገር ተነሣ። ከተቀመጡት አንዱ «የሚበሉትን ማን ይሰጣቸዋል» አለ፤ ሁለተኛው «ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ በምን ይታወቃል» አለ፤ ሦስተኛውም «መቼ ይመለሳሉ» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዱ እንዲያውም በየበዓሉ ነዳያንን የሚያበላ ነው። እኔ ግን እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ከዚህ ቀደም በሌላ አገር መጠየቃቸው ትዝ አለኝና ታሪኩን ልጽፍ ወደድሁ።

በ1929 ዓመተ ምሕረት እስጳንያ፥ ዛሬ ስፔን የምንላት አገር፥ በእርስ በርስ ጦርነት ትነድ ነበር። ጄኔራል ፍራንኮ በሪፐብሊኩ መንግሥት ላይ ተነሥቶ፥ የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ያግዙት ነበር። በሰሜን በኩል ያለው የባስክ ሕዝብ በሃይማኖቱ አጥባቂ ካቶሊካዊ ሲሆን ለሪፐብሊኩ ታማኝ ሆኖ ስለ ቆየ፥ ዋና ከተማው ቢልባኦ በምድርም በባሕርም ተከበበች። በከተማይቱም ሕፃናት ይራቡ ጀመር።

እነዚህን ሕፃናት ወደ እንግሊዝ አገር እናምጣቸው የሚሉ ሰዎች ማኅበር አቁመው ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የአቶል ዱቼስ የሚባሉት ወይዘሮ ነበሩ፤ እርሳቸውም የገዢው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ የምክር ቤት አባል ናቸው። መንግሥቱ ግን ልመናቸውን አልተቀበለም። ምክንያቱም ብዙ ነው። በጦርነቱ ጣልቃ ላለመግባት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ተስማምተናልና፥ የአንዱን ወገን ልጆች መቀበል ለዚያ ወገን ማድላት ነው ተባለ። ከተከበበች ከተማ የሚበላ አፍ ማውጣት ከበባውን ማስረዘም ነው ተባለ። የአገሩ ብርድ ለልጆቹ አይስማማም እስከ ማለትም ተደረሰ ይባላል። ሕፃናትን በመርዳት ሥራ የኖሩ ሰዎች እንኳ ልጅ ከእናቱ፥ ከቋንቋውና ከሃይማኖቱ ርቆ ባዕድ አገር ከሚወሰድ እዚያው በቅርቡ ቢረዳ ይሻላል ይሉ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ቃል እኔ አልንቀውም፤ ልጅነቱን በተማሪ ቤት ከወላጆቹ ርቆ ያሳለፈ ሰው እውነትነቱን ያውቀዋል። ነገር ግን ቤቱ በላዩ እየፈረሰበት ላለ ልጅ እዚያው ቆይ ማለት ምክር አይባልም።

ክርክሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ በሚያዝያ 18 ቀን፥ በገበያዋ ቀን በሰኞ፥ ጌርኒካ በምትባለው የባስክ ከተማ ላይ አውሮፕላኖች ሦስት ሰዓት ያህል ቦምብ ጥለው አቃጠሏት። ጣዮቹ አላደረግነውም፥ ባስኮች ራሳቸው አቃጠሏት ብለው ካዱ። በዚያች ሌሊት ግን ጆርጅ ስቲር የሚባል የታይምስ ጋዜጣ ወኪል ወደምትነደው ከተማ ሄዶ የተረፉትን ጠየቀ፤ የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የእሳት ቦምብ ቀፎዎችም በዓይኑ አየ፤ ያየውንም በሚያዝያ 20 ቀን በሎንዶን አሳተመ።

ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት ያው ጋዜጣ ወደ አዲስ አበባ ልኮት፥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሕዝባችን ላይ ያደረጉትን ሲጽፍ ቆይቶ፥ ኢጣልያኖች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ያባረሩት ነው። አውሮፕላን በገበያተኛና በእረኛ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ በኢትዮጵያ ተምሮ ነበርና፥ በጌርኒካ የሚመለከተውን ነገር ወዲያው ዐወቀው። ስለ እኛ የጻፈው ዓለምን አላነቃነቀም፤ ስለ ጌርኒካ የጻፈው ግን የእንግሊዝን ሕዝብ አስቆጣና መንግሥቱ እሺ አለ። ልብ ማለት የሚገባው፥ ከቀደሙት ምክንያቶች አንዱም በክርክር አልተረታም፤ ሕዝቡ ግን የሚከራከርበትን ነገር አየ።

የመንግሥቱም እሺታ በውል የታሰረ ነበር። ከመንግሥት ግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ 10 ሺሊንግ ለማውጣት ዋስ ይሁን፤ ልጆቹም ጊዜው ሲፈቅድ ይመለሱ ተባለ። «ማን ያበላቸዋል» ለተባለው መልስ የሰጡት እንግዲህ የሠራተኞች ማኅበራት፥ አብያተ ክርስቲያናትና ተራው ሕዝብ ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን 1,200 ያህሉን ወስዳ አሳደረች።

ሀባና የምትባለው መርከብ ከ3,800 የሚበልጡ ሕፃናት፥ ከእነርሱም ጋር መምህራን፥ ረዳቶችና 15 ካህናት ጭና ከቢልባኦ ወደብ የተነሣችው በግንቦት 13 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት ነው። ይህን ቀን ከታሪክ መጽሐፍ ባየሁ ጊዜ እጄ ቆመ። በዚያው በግንቦት 13 ቀን፥ በጻድቁ አባታችን በተክለ ሃይማኖት በዓል ማግሥት፥ የግራዚያኒ ወታደሮች የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸኑ። የገዳዩ የራሱ ቴሌግራም 297 መነኮሳት ይላል፤ በኋላ የተመረመረው ቍጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በሳምንቱም ውስጥ የገዳሙ ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አጠገብ ተገደሉ። ከእነዚያ ዲያቆናት መካከል በመርከቢቱ ላይ ከነበሩት ልጆች በዕድሜ የማይርቁ ነበሩ። ስለ እነርሱ ይግቡ ወይስ አይግቡ ብሎ የተከራከረ ምክር ቤት አልነበረም።

መርከቢቱ በግንቦት 15 ቀን ሳውዝሃምፕተን ደረሰች። ይህ ወደብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፥ በግንቦት 26 ቀን 1928፥ ስደተኛ ሆነው የወረዱበት ነው። እርሳቸውንም መንግሥቱ በይፋ እንደ ንጉሥ አልተቀበላቸውም፤ ሕዝቡ ግን በሎንዶን ባቡር ጣቢያ ተሰብስቦ ጠብቋቸዋል። ሕፃናቱ በመስክ ላይ በተተከለ ድንኳን ሲያድሩ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያችው አገር በባዝ ከተማ ተቀምጠው ነበር።

በሰኔ 12 ቀን ቢልባኦ ተያዘች። ወሬው በሰፈሩ በድምፅ ማጉያ በተነገረ ጊዜ ልጆቹ ጮኹ፤ አንዳንዶቹም በጨለማ ከሰፈሩ ወጥተው ሮጡ፤ አባትና እናታቸው በከተማይቱ ነበሩና። ከዚያ በኋላ በአንዳንድ ስፍራ ጎረምሶቹ መስኮት ሰበሩ፤ ጋዜጦችም ይህን አግንነው ጻፉ፤ ይመለሱ የሚል ኮሚቴም ተቋቋመ። ዱቼሲቱ በ1931 ዓመተ ምሕረት ከመንግሥቱ የውጭ ፖሊሲ ጋር ተጣልተው በምርጫ ወንበራቸውን አጡ።

ሦስተኛው ጥያቄ «መቼ ይመለሳሉ» ነበር። የሚበዙት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳይጀመር ተመለሱ። የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ወላጆቻቸው የሞቱባቸው፥ የታሰሩባቸው ወይም ራሳቸው የተሰደዱባቸው ነበሩ። እነርሱም እዚያው አደጉ፥ ተጋቡ፥ ልጅ ወለዱ። ስቲር ግን በ1933 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው በተመለሱበት ዘመቻ በአማርኛ የሚታተመውን «ባንዲራችን» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ ያም የገቡበት ድንበር ዛሬ የሱዳን ስደተኞች ከሚሻገሩበት ወሰን ወገን ነው።