ከአሞሌ ጨው እስከ ምራቅ፦ የአንድ አዮን ታሪክ



ያደግሁት መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ነው። እናቴ በዚያው ሰፈር አሞሌ ጨው ትቸረችር ነበር። የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ስለ ምግብ መፈጨት የተማርሁትን በኩራት ስነግራት አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ልጄ፣ ጨውስ ሆድ ገብቶ ምን ይሠራል?» ስትል ጠየቀችኝ። «ምግብ ያጣፍጣል» አልኋት። «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዛሬ የማቀርበው ታሪክ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ጨው በአገራችን ከቅመምነት በላይ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ለመለወጥ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ከአፋር ቆላ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በገንዘብነት አገልግሏል። መርካቶ ውስጥ ዛሬም «ጨው በረንዳ» የሚባል ስፍራ አለ። ይህ ሁሉ ግን የጨውን ዋጋ እንጂ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ አይነግረንም።

ሥራውን ለማወቅ ወደ አውሮፓ ቤተ ሙከራዎች እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1831 ጀርመናዊው ሎይክስ ምራቅ ስታርችን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ አሳየ። በ1833 ፈረንሳውያኑ ፓየንና ፐርሶ ይህንኑ የሚሠራ ነገር ከብቅል ለይተው «ዲያስቴዝ» አሉት። በ1836 ደግሞ ሽቫን ፔፕሲንን አገኘ፤ ፔፕሲን ያለ አሲድ፣ ማለትም ያለ ሃይድሮጂን አዮን፣ ሥጋን እንደማይፈጭ ታወቀ። የክሎራይድ ሚና ግን ገና ተሰውሮ ነበር፤ ምክንያቱም ምራቅ ሁልጊዜ ክሎራይድ አለው። ዘወትር ያለን ነገር ማን ያስተውለዋል?

ምሥጢሩ የተገለጠው ክሎራይዱ ሲወጣ ነው። ምራቅ በስስ ሽፋን ተከልሎ በንጹሕ ውኃ ሲታጠብ፣ ኢንዛይሙ ሽፋኑን ማለፍ ስለማይችል ይቀራል፤ አዮኖቹ ግን ሾልከው ይወጣሉ። እንዲህ የታጠበ አሚሌዝ ስታርችን የመፍጨት ኃይሉ እጅግ ይደክማል፤ ጥቂት የገበታ ጨው ሲጨመርበት ይመለስለታል። የኬምብሪጁ ሲድኒ ኮል በ1904 የአዮኖችን ተጽዕኖ እያነጻጸረ ባሳተመው ጥናት ክሎራይድን በግንባር ቀደምነት አስቀመጠ።

በ1959 ቫሊ፣ ፊሸርና ባልደረቦቻቸው አሚሌዝ ካልሲየምም በውስጡ እንደያዘ አረጋገጡ። የ1990ዎቹ የኤክስሬይ ጥናቶች ደግሞ የሁለቱን የሥራ ድርሻ በዓይን አሳዩ። ካልሲየም የፕሮቲኑን ክፍሎች አያይዞ ቅርጹ እንዳይፈርስ ይጠብቃል። ክሎራይድ ስታርቹ ከሚቆረጥበት ስፍራ አጠገብ ተቀምጦ፣ ለቆረጣው የሚያስፈልገው አሲዳማ የአሚኖ አሲድ ፕሮቶኑን ይዞ እንዲቆይ ያግዛል፤ በዚህም ኢንዛይሙ በገለልተኛ ፒኤች አካባቢ በብርቱ ይሠራል። አንዱ ቅርጽ ጠባቂ፣ ሌላው ሥራ አንቀሳቃሽ ነው።

ነገር ግን ሁሉም አሚሌዝ አንድ አይደለም። የገብስ ብቅል አሚሌዝ ካልሲየም እንጂ ክሎራይድ አያስፈልገውም። ጠላ ጠማቂዎች ብቅሉ ላይ ጨው ሳይጨምሩ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው ለዚህ ነው።

ተማሪዎቼ ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ጨው እናብዛ» እንዳይሉ አደራ እላለሁ። ምራቃችን የሚበቃውን ክሎራይድ አስቀድሞ ይዟል፤ ትርፉ ጨው ለአሚሌዝ አይጠቅምም፣ ለደም ግፊት ግን ይተርፋል።

እናቴ ስትጠይቀኝ የኮል ጥናት ከታተመ ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ግን የኢንዛይሞችን ስም እንጂ እንዴት እንደታወቁ አልተማርሁም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ክፍል ስገባ፣ ከስሙ በፊት የታጠበውን ምራቅ አሳያለሁ፤ ቀጥሎም ቁንጥር ጨው እጨምርበታለሁ።