ከሬሳ ሣጥን የወጣ ዜማ፦ የሳይኮቢሊ ሙዚቃና የወዳጆቹ ታሪክ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜም ተነግሯል። አባባሉን ማስረዳት የሚቀልለው ግን የገበሬውን የእርሻ ዘፈን ወይም የሠራተኛውን የትግል መዝሙር በምሳሌነት ስናነሣ ነው። ፊታቸውን እንደ በድን አመድ ያስመሰሉ፣ በጃኬታቸው ላይ የራስ ቅልና የመቃብር ሥዕል ያሣሉ፣ ስለ ሙታን መነሣትና ስለ ደም መጣጮች የሚዘፈን ሙዚቃ ለመስማት አገር አቋርጠው የሚሰበሰቡ ሰዎችን ስናይስ ምን እንላለን? የእነዚህስ ኪነት የምን ኑሮ ነጸብራቅ ነው? ይህ ጽሑፍ ሳይኮቢሊ የተባለውን ሙዚቃ አመጣጥና የወዳጆቹን ታሪክ በመመርመር ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ይሞክራል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳይኮቢሊ አባት ሮካቢሊ ይባላል። ሮካቢሊ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የተወለደ ሙዚቃ ሲሆን ስሙ ከሁለት ቃላት የተዳቀለ ነው፤ አንደኛው «ሮክ»፣ ሁለተኛው የከተማ ሰው ድኻውን ነጭ ባላገር የሚሰድብበት «ሂልቢሊ» የተባለው ቃል ነው። ሙዚቃውም እንደ ስሙ ድቅል ነበር፤ የጥቁሮች ብሉዝና ሪትም ኤንድ ብሉዝ ከነጩ ባላገር የጊታር ዘፈን ጋር ተጋቡ። በ1954 የከባድ መኪና ነጂ የነበረው የ19 ዓመቱ ኤልቪስ ፕሪስሊ በሜምፊስ ከተማ፣ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ተቀርጾ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያ ዘፈን፣ ጥቁሩ የብሉዝ ሰው አርተር ክሩዳፕ በ1946 ያስቀረጸው ነበር። ኤልቪስ በዓለም ሲነግሥ ክሩዳፕ ግን ተገቢውን የደራሲነት ድርሻ ሲጠይቅ ኖሮ ሳያገኝ በ1974 አረፈ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ምቱን የሚሸከመው በቁም የሚያዘው ትልቁ ደብል ቤዝ ነው። ተጫዋቹ ክሮቹን እየሳበ ይለቅቃቸዋል፤ በመዳፉም በእንጨቱ ላይ ይጠፋቸዋል። ይህም አጨዋወት ከኒው ኦርሊንስ የጃዝ ተጫዋቾች የተወረሰ ነው።

ሙዚቃውን ከመቃብር ጋር ያስተዋወቀው ሰውም ጥቁር ነበር። ስክሪሚን ጄ ሃውኪንስ በ1929 በክሊቭላንድ ተወለደ። ምኞቱ እንደ ፖል ሮብሰን ያለ የኦፔራ ድምፃዊ መሆን ነበር። በ1956 ስለ ድግምት የሚናገረውን ዘፈኑን በጩኸትና በሲቃ አስቀረጸ፤ ዘፈኑም ስሙን አስጠራ። የራዲዮ አዘጋጁ አለን ፍሪድ ከሬሳ ሣጥን እየወጣ እንዲዘፍን ሐሳብ ባቀረበለት ጊዜ፣ እኔ ሳልሞት ሣጥን አልገባም ብሎ ማንገራገሩ ይነገራል። ገንዘቡ ሲቀርብለት ግን ገባ። ተመልካቹ በደስታ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2000 ዓመት ድረስ ከዚያ ሣጥን ሊወጣ አልቻለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድምፁን ሳይሆን ማስፈራሪያውን ብቻ ፈለጉት፤ እርሱም ይህንኑ በምሬት ይናገር ነበር።

የአስፈሪው ኪነት ዋና ባለ ታሪክ የሆነው ዞምቢም ከዚሁ ከጥቁሩ ሕዝብ ታሪክ የወጣ ነው። አፍሪካዊ ሥር ባለው የሄይቲ እምነት ዞምቢ ማለት ጠንቋይ ከመቃብር አስነሥቶ በእርሻ ላይ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት የሚያሠራው በድን ነው። በሸንኮራ አገዳ እርሻ በጅራፍ ይነዳ ለነበረ፣ በ1791 ለነፃነቱ ተነሥቶ በ1804 ነፃ አገር ለመሠረተ ሕዝብ፣ ከዚህ የሚከፋ ቅዠት ከቶ ሊኖር አይችልም፤ ዞምቢ ሞት እንኳ ነፃ ያላወጣው ባሪያ ነውና። የአሜሪካ ጦር ከ1915 እስከ 1934 ሄይቲን በያዘበት ዘመን ተረቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1932 በወጣው የመጀመሪያው የዞምቢ ፊልም ውስጥ በድኖቹ የስኳር ወፍጮ ሲገፉ ይታያሉ። በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ በሠራው ፊልም ግን ሙታኑ ጌታ የላቸውም፤ ሥራም የላቸውም፤ የሚያውቁት የሕያዋንን ሥጋ መብላት ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ጌታው ከታሪኩ ወጣ፤ በድኑ ብቻውን ቀረ።

የአስፈሪው ኪነት ወዳጅ ከሆነው ወጣት ጋር የተጣሉትም ብዙዎች ናቸው። በ1954 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በአስፈሪ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ላይ ምርመራ ተቀመጠ፤ ወጣቱን ለወንጀል ይዳርጋሉ ተብሎ ነበርና። አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት ራሳቸውን በራሳቸው የሚገዙበት ጥብቅ ደንብ አወጡ፤ አስፈሪዎቹ መጽሔቶችም ከገበያ ጠፉ። በብሪታንያ በ1955 ይህንኑ የሚከለክል ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የብሪታንያውን ዘመቻ ቀድመው ከጀመሩት መካከል የዚያች አገር ኮሚኒስት ፓርቲ አባላት፣ ከገፉበትም መካከል የመምህራን ማኅበር ይገኙበታል። ሐሳባቸው ወጣቱን ከአሜሪካ የንግድ ባህል ለመጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ የተከለከለው ነገር በሌላ በር ገባ። በ1957 የዩኒቨርሳል ኩባንያ 52 አሮጌ ፊልሞች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ አስፈሪ የሆኑ፣ ለአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ። የየከተማው አቅራቢም መናፍስት መስሎ እየቀረበ በፊልሞቹ ይሣለቅ ጀመር። ከ1963 እስከ 1966 ጉላርዲ በሚል ስም በክሊቭላንድ ይቀርብ የነበረውን ሰው በአካባቢው ያደጉ ልጆች በጉልምስናቸውም አልረሱትም።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሉክስ ኢንቲርየር በሚል የመድረክ ስም የታወቀው ድምፃዊ ነው። ከባለቤቱ ከጊታር ተጫዋቿ ከፖይዝን አይቪ ጋር በ1976 በኒው ዮርክ «ክራምፕስ» የተባለውን ጓድ መሠረቱ። ሁለቱ ባልና ሚስት ዘመን የጣላቸውን የ1950ዎቹ ሸክላዎች እያደኑ ይሰበስቡ ነበር። ያንን አሮጌ ዜማ በአዲሱ በፐንክ ቁጣ፣ በጉላርዲ ፌዝና በአሮጌ ፊልም ፍርሃት አጅበው ተጫወቱት። በሰኔ 1978 በካሊፎርኒያ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በነፃ ሲጫወቱ ሕሙማኑ መድረክ ላይ ወጥተው አብረዋቸው ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ የሚያሳየው ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። በማስታወቂያቸው ላይ «ሳይኮቢሊ» የሚለውን ቃል የጻፉትም እነርሱ ናቸው። ቃሉን ያገኙት ግን ጆኒ ካሽ በ1976 ካወጣው ዘፈን ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ የዲትሮይት መኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የሚሠራውን ካዲላክ ለመግዛት ዐቅም ያጣል፤ ስለዚህ ለዓመታት ዕቃውን በጥቂት በጥቂቱ ከፋብሪካው እየደበቀ ያወጣና የራሱን መኪና ይገጣጥማል። ዕቃዎቹ የተለያየ ዘመን ሥሪት ስለሆኑ የወጣችው መኪና ያላየናት ዓይነት ሆነች። ሙዚቃውም እንዲሁ ነው፤ የማይገዛውን ነገር ከውዳቂ ዕቃ ገጣጥሞ የራሱ ያደረገ ሰው ሥራ ነው።

ሳይኮቢሊ ራሱን የቻለ ስልት የሆነው በለንደን ነው። በብሪታንያ የሠራተኛው ልጆች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሮክ ኤንድ ሮልን የራሳቸው አድርገውት ነበር፤ በ1976 እንዲያውም ይህ ሙዚቃ በራዲዮ ይሰማልን ብለው በለንደን ጎዳናዎች ተሰልፈዋል። በ1980 ሁለት የሮካቢሊ ሰዎች፣ ፖል ፌኔችና ናይጀል ሉዊስ፣ ከፐንክ ወገን ከመጣው ከበሮ መቺ ጋር «ሜቲየርስ» የተባለውን ጓድ አቋቋሙ። የሮካቢሊ ወግ አጥባቂዎች አልወደዷቸውም፤ ወጣቶቹ ግን ተከተሏቸው። ጊዜው ፋብሪካዎች የሚዘጉበት ጊዜ ነበር። በ1979 ከ1.5 ሚሊዮን በታች የነበረው የሥራ አጥ ቁጥር በ1982 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በሐመርስሚዝ፣ ክላረንደን በተባለ አሮጌ ሆቴል ውስጥ «ክለብ ፉት» የተባለው የሙዚቃ ቤት ተከፈተ። ከካርዲፍ፣ ከብሪስቶልና ከአውሮፓ አገሮች ጭምር ወጣቶች እየመጡ ይሞሉት ነበር። በ1988 ሕንጻው ሲፈርስ ዘመኑም አብሮ አበቃ።

የእነዚህ ወጣቶች ልማድ ከሩቅ ሲታይ ጠብ ይመስላል። ጎንና ጎኑ የተላጨ፣ ከፊት እንደ ጋሜ የቆመ ጠጉር፣ በማንጫ የተዥጎረጎረ ጂንስ፣ ከባድ ቦት ጫማ መለያቸው ነው። «ሬኪንግ» የሚሉት ጭፈራቸውም በክንድና በትከሻ መጋፋት ነው። ቀርቦ ያየ ግን ሥርዓት እንዳለው ይረዳል፤ የወደቀ ይነሣል፤ አንሺው የገፋው ሰው ራሱ ነው። ሙታን ስለተነሡበት ዓለም መዝፈናቸውም ሞትን ከመናፈቅ የመጣ አይደለም። ነገ አያስፈልግህም የተባለ ወጣት በድን መስሎ ይቀርባል፤ ግን ይዘላል፤ ይጮኻል፤ ይስቃል። የሚያስፈራውን ነገር ለብሶ መጨፈር ፍርሃትን የማዋረጃ መንገድ ነው። ጭራቅ የሚበዛበትን ተረት «ድገሙልኝ» እያለ የሚለምን ሕፃን ይህን ጥበብ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ሙገሳ ብቻ ታሪክ አይሆንም። የሳይኮቢሊ ወዳጆች አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው፦ ፖለቲካ ከበር ውጭ ይቅር የሚል። የዘመኑ የብሪታንያ ወጣቶች በግራና በቀኝ ተከፍለው በየአዳራሹ ይደባደቡ ስለነበር ሕጉ ሰላም አስገኝቷል። ዋጋም አስከፍሏል። በብዙ ዘፈኖች ሴት የነፍሰ ገዳይ ሰለባ ሆና ስትቀርብ ለምን ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። በአውሮፓ የሮካቢሊ መድረኮች ባርነትን ለማቆየት የተዋጋው የአሜሪካ ደቡብ ሠራዊት ባንዲራ እንደ ተራ ጌጥ ሲሰቀል ኖሯል። የባሪያን ቅዠት እየዘፈኑ፣ የባሪያን ልጅ ዜማ እየመቱ፣ የባሪያ አሳዳሪን ባንዲራ መስቀል! ይህ የሆነው ከክፋት ይልቅ ካለማወቅ መሆኑ ጥፋቱን አያቀልለውም። ፖለቲካ ከበር ውጭ ሲቀር ታሪክም አብሮ ውጭ ይቀራል።

ክለብ ፉት ቢፈርስም ሙዚቃው አልሞተም። በ1989 በኮፐንሃገን «ኔክሮማንቲክስ» የተባለውን ጓድ የመሠረተው ኪም ኔክሮማን፣ ቀደም ሲል በዴንማርክ ባሕር ኃይል የሰርጓጅ መርከብ የራዲዮ ሠራተኛ ነበር። የሚጫወትበትን ደብል ቤዝ በሬሳ ሣጥን ቅርጽ ሠራው። ሃውኪንስ ለገንዘብ የገባበት ሣጥን በዚህኛው እጅ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ። በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ ዛሬ ከሙዚቃው ወዳጆች ብዙዎቹ የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች ናቸው። በብራዚል ኩሪቲባ ከተማ አገሩ በካርኒቫል ሳምባ በሚደምቅበት ሰሞን የሳይኮቢሊ ወዳጆች የራሳቸውን በዓል ያደርጋሉ፤ በድን መስለው በጎዳና የሚሰለፉም አሉ። በ1980ዎቹ ወጣት የነበሩት ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቶ ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ።

ነገሩ ከእኛም ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ሳይኮቢሊ ወደ አዲስ አበባ ባይመጣም አባቱ ሮክ ኤንድ ሮል መጥቷል። በ1960ዎቹ በፖሊስ ኦርኬስትራ መድረክ የተነሣው ዓለማየሁ እሸቴ ጠጉሩንና አለባበሱን በኤልቪስ ስላስመሰለ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ተባለ። በዚያ ዘመን በጠጉሩ አበጣጠር ብቻ የፈረደ ሰው፣ በ2021 ሲያርፍ አገር ያለቀሰለትን ድምፃዊ ሳያዳምጠው ያልፍ ነበር።

እንግዲህ ለካድሬው፣ ለመምህሩና ለኪነት ሰው ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የ1950ዎቹ ከልካዮች የወጣቱን መጽሔት ወሰዱበት፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቁትም። የ1980ዎቹ የሙዚቃ ወዳጆችም ፍርሃቱን በጭፈራ አዋረዱት፤ ከማን እንደወረሱት ግን አልጠየቁም። የራስ ቅል በጃኬቱ ያሣለ ወጣት በፊታችን ሲቆም ጃኬቱን ማስወለቅ ቀላል ሥራ ነው። ከባዱና የሚጠቅመው ሥራ ዞምቢ ማን እንደነበረ፣ ክሩዳፕ እንዴት እንደሞተ፣ ሃውኪንስ ምን መዝፈን ይመኝ እንደነበረ መንገር ነው። ያን ጊዜ ወጣቱ ጭፈራውን ሳይተው፣ ከታሪኩ የወጣውን ጌታ መልሶ በቦታው ያየዋል።