ካታቶራና ምቦኮ፦ የሉባ ሕዝብ የመጠየቂያ ዕቃዎች

በደቡብ ምሥራቅ ኮንጎ የሚኖረው የሉባ ሕዝብ ካታቶራ የሚለው ዕቃ በመዳፍ የሚያዝ፣ መካከሉ የተፈለፈለ፣ ብዙውን ጊዜ አናቱ ላይ የሰው ራስ የተቀረጸበት ትንሽ እንጨት ነው። የታመመ ወይም መከራ የደረሰበት ሰው ካሼኬሼኬ በተባለው ሥርዓት መሠረት ወደ አዋቂ ዘንድ ይሄዳል። («ጠንቋይ» የሚለው ቃላችን ፍርዱን አስቀድሞ ስለሚሰጥ እዚህ አልተጠቀምኩበትም።)

አዋቂውና ባለጉዳዩ ጣቶቻቸውን በክፍተቱ አስገብተው ዕቃውን በጋራ ይይዙታል። አዋቂው ሲጠይቅ ዕቃው በበርጩማ ወይም በምንጣፍ ላይ እየተፋተገ ይንቀሳቀሳል፤ ከእንቅስቃሴውም አዎንታና አሉታ ይነበባል። በሉባዎች እምነት የሚያንቀሳቅሰው መንፈስ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ካርፔንተር ደግሞ ሐሳብ ብቻውን ያለ ሰው ፈቃድ ጡንቻን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1852 ገልጿልና ለእኛ ሙያ ማብራሪያው ሩቅ አይደለም። ሆኖም በዚህ ጉዳዩ ያልቃል ብዬ አላምንም። በካሼኬሼኬ ታማሚው በመመርመሪያው ላይ የራሱ እጅ አለበት፤ ጥያቄው በፊቱ ይነሣል፤ መልሱም የሚወጣው እርሱ ዕቃውን እንደያዘ ነው። በእኛ ማዳመጫ የምንሰማው ግን እኛ ብቻ ነን።

ከዚህ ሌላ ከነገሥታቱ ጋር የተሳሰረ ቢሉምቡ የተባለ ሥርዓት አለ። ትውፊቱ የመጀመሪያው አዋቂ ሚጂቡ ዋ ካሌንጋ እንደነበረና ጀግናውን ካላላ ኢሉንጋን ለንግሥና እንዳበቃው ይተርካል። የቢሉምቡ አዋቂ ምቦኮ በሚባል ቅል ውስጥ ትናንሽ የእንጨት ቅርጾችን፣ የዛፍ ፍሬዎችንና የብረት ቁርጥራጮችን ከትቶ ይነቀንቅና አቀማመጣቸውን ያነባል። የአንዱ ዕቃ ትርጉም የሚታወቀው ከጎኑ ባረፈው ነው፤ ትኩሳት ብቻውን ስለ በሽታው ብዙ እንደማይነግረን ሁሉ።

ከእነዚህ ጋር ዝምድና ያለው ሌላ ቅርጽ ሳሕን የያዘች ሴት ናት። ሳሕኑ የንጽሕናና የመናፍስት ዓለም ምልክት የሆነው ነጭ አፈር የሚቀመጥበት ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ቅርጾቹን የሰበሰቡ አውሮፓውያን ግን «ለማኟ» ብለው ሰየሟት፤ የተዘረጋ ሳሕን ሲያዩ ልመና ታያቸው። ሜሪ ኑተር ሮበርትስና አለን ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒውዮርክ ባቀረቡት ዐውደ ርእይና ባሳተሙት መጽሐፍ ቅርጾቹን ከአዋቂዎቹ ሥራና ከሉባ ታሪክ ትውስታ ጋር አያይዘው አስረድተዋል። በምንጩ አገር ያለ ሰው ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ስሙ ያን ያህል ዘመን ባልቆየ ነበር።