ከበሮ በሰው እጅ

አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት፣ ከእኔ ሥር ባለው ፎቅ የሚኖሩት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ደህና አመሸህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። ምነው በደህና?»

«ደህና ነው። እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው። በዚህ ሰዓት ቡና የምትወቅጠው ለማን ነው? እንግዳ መጥቶብህ እንደሆን የተወቀጠ አለኝ፣ ላምጣልህ።»

የምወቅጠው ቡና አልነበረም፤ ድራም እየመታሁ ነበር። ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው ላይ በስድስት ጽሑፍ ክፍያ የገዛሁት፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ድራም ነው። ማዳመጫውን በጆሮዬ ላይ ደፍቼ ስቀመጥ፣ ከእኔ በቀር አንድም ፍጡር አይሰማውም ብዬ ነበር። ለካስ ቀኝ እግሬ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ንዝረቱ ወለሉን ዘልቆ እማማ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ሙቀጫ ይሆን ኖሯል!

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አበው። እኔን ግን ያደናገረኝ አመታቱ ብቻ አይደለም። ከበሮ እኮ በተፈጥሮው የአደባባይ ነገር ነው። በአገራችን ነጋሪት የሚጎሰመው ሕዝብ አዋጁን እንዲሰማ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት» የተባለውም ያንኑ ስም ወርሶ ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ጯሂ ነገር ዝም አሰኝቶ መኝታ ቤት ያስገባው ማን ነው? ለምንስ? ታሪኩን ስከታተለው አንድ የሚገርም ነገር አገኘሁ፤ ድራም መቺውን ከሥራው ሊያፈናቅል ነው ተብሎ የተፈራው ጥበብና ዛሬ እኔን የመሰለ ጀማሪ በቤቱ እንዲመታ ያስቻለው ጥበብ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋይ ነው። በ1880 ዣክ እና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ደረሱበት። ዛሬ በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ድራሞች ሆድ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ከመምቻው ገጽ ሥር የሳንቲም ያህል ስስ ዝርግ ነገር ተለጥፏል። ዱላው ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ይፈነጥቃል፤ በርታ ተደርጎ ከተመታ ብዙ፣ ቀስ ተብሎ ከተነካ ጥቂት። አጠገቡ ያለው ሣጥን ይህን ይለካና የሚስማማውን ድምፅ መርጦ ያሰማል። እንግዲህ ፓዱ ራሱ የሚጮኸው ጥቂት ነው፤ ለሣጥኑ መልእክት ያደርሳል እንጂ።

መልእክተኛውን በመድረክ ላይ ቀድሞ የተመኘው ሙዲ ብሉዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ድራመር ግሬም ኤጅ ነበር። በ1971 ከሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከብሪያን ግሮቭስ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ድራም አሠርቶ በባንዱ አልበም ውስጥ ተጠቀመበት። ወደ ገበያ ወጥቶ የዘመን ምልክት የሆነው ግን በ1981 ዴቭ ሲመንስ የተባለው እንግሊዛዊ ያቀረበው ስድስት ማዕዘን ድራም ነው። በዚያ ዘመን የተቀረጹ የሙዚቃ ፊልሞችን ያየ ሰው የንብ እንጀራ የመሰሉትን ፓዶች አይረሳቸውም። ገጻቸው የተሠራው ፖሊሶች ድንጋይ ከሚመክቱበት ጋሻ ዓይነት ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር። ደንደን ያለ ነገር ቀኑን ሙሉ የደበደበ ድራመር ማታ አንጓውን እያሸ መግባቱ የታወቀ ሆነ። የዚያን ጊዜው የኤሌክትሪክ ድራም ለታላላቅ መድረክ እንጂ ለቤት አልታሰበም፤ ዋጋውም የባለሀብት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ወንድም ተወለደ፤ ራሱ የሚመታ፣ መቺ የማያስፈልገው። በ1980 ሮጀር ሊን የተባለው አሜሪካዊ ኤል ኤም 1 የተባለ ማሽን አወጣ። የእውነተኛ ድራም ድምፅ ቀድቶ በውስጡ ያስቀመጠ ሲሆን ዋጋው ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ የተሠራውም ከ500 እምብዛም አይበልጥም። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲ አር 808ን በ1,195 ዶላር አቀረበ። የ808 ድምፅ ሰው ሠራሽ ስለነበረ ድራም አይመስልም ተብሎ ተናቀ። በ1983 ሥራው ቆመ፤ ወደ 12,000 የሚሆኑት ግን ተሸጠው ነበር። የተናቁት ማሽኖች ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቅ ውስጥ በርካሽ ሲደረደሩ፣ ሌላ ለመግዛት አቅም የሌላቸው የኒውዮርክና የዲትሮይት ወጣቶች አነሷቸው። ሂፕ ሆፕና ቴክኖ ያደጉት በእነዚህ ርካሽ ሣጥኖች ትከሻ ላይ ነው። ርካሽ ዕቃ የሚናቅ አይደለም!

ባለሙያዎቹ ግን ደነገጡ። ማሽኑ አይደክምም፣ አያረፍድም፣ አበልም አይጠይቅም። በ1982 የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን እንዲታገዱ እስከ መወሰን ደርሶ ነበር። እገዳው ሳይጸና ቀረ። ሥጋቱ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ድራመሩ የሚጠራበት ብዙ የስቱዲዮ ቀጠሮ በእርግጥም ቀርቷል።

የእኛም ሙዚቃ ከዚህ አላመለጠም። ከካሴት ዘመን ወዲህ ኪቦርድ ከነውስጠ ገቡ ምቱ የስንቱን ባንድ ቦታ እንደያዘ በዚያ ዜማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን ካሴት ሠራ። በ2013 እንደገና ሲታተም ያ ካሴት የውጭ አድማጮችን ልብ ማረከ። ባንዱ ለተበተነበት ስደተኛ ማሽኑ ነጣቂ ሳይሆን ባልደረባ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካው የሪክ አለን ታሪክ ነው። ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ድራመር ነው። በታኅሣሥ 31 ቀን 1984 በመኪና አደጋ ግራ እጁን አጣ። አንድ እጅ የቀረው ድራመር ምን ይሆናል? የብዙዎቻችን መልስ የታወቀ ነው። እሱ ግን ግራ እጁ ይመታው የነበረውን በግራ እግሩ ፔዳል እንዲያሰማ ሆኖ የኤሌክትሪክ ድራም ተሠራለት። በነሐሴ 1986 ዶኒንግተን በተባለው ቦታ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተመልሶ ተቀመጠ። እስከ ዛሬም የባንዱ ድራመር ነው። ሥራ ነጣቂ የተባለው ጥበብ አንዱን ሰው እንዲህ አድርጎ ወደ ወንበሩ መለሰው።

ወደ ቤት ያስገባው ደግሞ ልስላሴ ነው። በመጀመሪያ ጠንካራው ፕላስቲክ በጎማ ተለወጠ። ከዚያ በ1997 ሮላንድ፣ ሬሞ ከተባለው የድራም ቆዳ ሠሪ ጋር ሆኖ በቆዳ ፈንታ የተወጠረ መረብ ያለበት ድራም አወጣ። መረቡ እንደ ቆዳ ዱላውን አንጥሮ ይመልሳል፤ አየር ስለሚያሳልፍ ግን አይጮኽም። መጀመሪያ ላይ ዋጋው በሺህ ዶላሮች ይቆጠር ነበር። 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ግን መረብ ያላቸው ሙሉ ድራሞች ከ400 ዶላር በታች መሸጥ ጀመሩ። ለእኛ ገበያ ይህም ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም «የባለሀብት» መባሉ ቀርቶ «ቆጥቤ እገዛዋለሁ» የሚባል ነገር ሆነ።

ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ልንገረው። በሣጥኑ ውስጥ ስንት መቶ ድምፅ እንዳለ አትቁጠር፤ ከአሥር በላይ አትጠቀምም። ይልቅ እያንዳንዱን ፓድ በቀስታም በኃይልም ምታውና ልዩነቱ ይሰማህ እንደሆነ አዳምጥ። አንዱን ስትመታ ሌላው አብሮ የሚጮኽ ከሆነ ጠይቅ። ያገለገለ ከሆነ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅለህ ሰካቸው። እኔ ይህን ስላላደረግሁ የቤዝ ድራሜ ገመድ በሦስተኛው ቀን ተበጥሶ ሳምንት ሙሉ ያለ እግር ተጫውቻለሁ።

ታዲያ ዝም ያለ ከበሮ ከበሮ ነውን? ይህን ጥያቄ አልሸሸውም። ማዳመጫውን ሳወልቅ የሚቀረኝ የዱላ ጠብ ጠብታ ብቻ ነው። የሚያጨበጭብ የለም፤ ትከሻውን የሚነቀንቅ የለም። ቤዝ የሚጫወት ጓደኛዬን ዓይን ዓይኑን እያየሁ አብሬው መግባት፣ አብሬው መውጣት አልችልም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ስንት ዶላር ቢጨመርበት አይሞላም። ነገር ግን እኔ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለሁ፣ በኮንዶሚኒየም የምኖር፣ ቀን ቀን ጽሑፍ የምሞነጭር ሰው፣ ይህ ነገር ባይኖር ኖሮ ከበሮን በሰው እጅ እያየሁ «ያምራል» ስል አረጅ ነበር። አሁን ቢያንስ መደናገሩ ደርሶኛል።

በማግስቱ ያረጁ የቴኒስ ኳሶችን ለሁለት እየሰነጠቅሁ ከጣውላ ሥር ደረደርኩ፤ በላዩ አሮጌ ምንጣፍ አነጠፍኩና ፔዳሉን አስቀመጥኩበት። ንዝረትን ለመስበር የቤት ድራመሮች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ከዚያ እማማን ለይቅርታ ጠራኋቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አደረግሁላቸውና ዱላውን አስያዝኳቸው። አንዴ ጠብ፣ ሁለቴ ጠብ አደረጉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ምን እንደመቱ አላውቅም፤ እኔ የሰማሁት የመረቡን ጠብታ ብቻ ነው። ትከሻቸው ግን ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ልጄ» አሉኝ ማዳመጫውን ሳያወልቁ፣ ጮክ ብለው፣ «ይኼ እኮ ለካ ለብቻ አይሆንም! ለጥምቀት ወደ ውጭ አታወጣውም?»