የጡንቻ ኃይልና የመፈንቅል ሕግ፤ የቦሬሊ ሥራ በታሪክ ሲታይ

በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት ስለ ቀላል መሣሪያዎች የሚሰጠው ትርጓሜ ብዙውን ጊዜ «የሰውን ድካም የሚቀንሱ» የሚል ነው። ድንጋይ በዲጂኖ ለሚፈነቅል ሰው ትርጓሜው እውነት ነው። ከመደገፊያው እስከ እጁ ያለው ርቀት ከመደገፊያው እስከ ድንጋዩ ካለው ርቀት በበለጠ መጠን የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። በተለምዶ ሌቨር የሚባለውን የመፈንቅልን ሕግ አርኪሜደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሒሳብ አረጋግጦታል። ይሁን እንጂ ይኸው ትርጓሜ እንዳለ ወደ ሰው አካል ሲዛወር ያሳስታል፤ ያሳሳተውም ተማሪዎችን ብቻ አይደለም።

የጥንት ሊቃውንት ሰው ከባድ ሸክም ሲያነሣ እያዩ፣ ተፈጥሮ በአጥንትና በጅማት አቀማመጥ አማካይነት ትንሽ ኃይል ትልቅ ክብደት እንዲያነሣ አድርጋለች ብለው ያምኑ ነበር። ጋለንን የመሰለ ጡንቻን ቀዶ የመረመረ ሐኪም የደገፈው ሐሳብ ስለ ነበር፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይናጋ ቆየ። ሐሳቡም ከላይ ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ተፈጥሮ ብልህ ናት፣ መፈንቅልም ድካምን ይቀንሳል፣ እንግዲያው የአካል መፈንቅል የጡንቻን ድካም ይቀንሳል የሚል ነውና። የጎደለው ነገር ቢኖር ርቀቱን መለካት ነበር።

ርቀቱን የለካው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ በ1608 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በኔፕልስ ተወለደ። ሒሳብን ሮም ውስጥ የተማረው የጋሊሊዮ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከካስቴሊ ነው። በመሲናና በፒዛ አስተምሯል፤ በፒዛም ከአናቶሚው ሊቅ ከማልፒጊ ጋር አብሮ መሥራቱ የሒሳብ ሰው የነበረውን ቦሬሊን ወደ እንስሳት አካል ጥናት እንዲያዘነብል ረድቶታል። መሲና በ1674 ዓ.ም. በስፔን አገዛዝ ላይ ባመፀች ጊዜ አገሩን ለቆ ወደ ሮም ተሰደደ። የመጨረሻ ዓመታቱን በአንድ የመነኮሳት ቤት ተጠግቶ ሒሳብ በማስተማር አሳለፈ። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈውን መጽሐፍ ለማሳተም የስዊድን ንግሥት የነበሩት ክርስቲና ወጪውን ሊሸፍኑለት ቢስማሙም፣ ታትሞ ሳያየው ታኅሣሥ 31 ቀን 1679 ዓ.ም. ዐረፈ። መጽሐፉ በ1680 እና በ1681 ዓ.ም. በሁለት ክፍል ወጣ።

የመጽሐፉ ዋና ነጥብ የቆየውን እምነት የሚገለብጥ ነው፤ ይኸውም ጡንቻ ከሚያነሣው ሸክም እጅግ የሚበልጥ ኃይል ያወጣል የሚል ነው። ነገሩን በዛሬ መለኪያ ማሳየት ይቻላል። ክርኑን በቀጥተኛ ማዕዘን አጥፎ 5 ኪሎ ግራም በመዳፉ የያዘ ሰው 50 ኒውተን ያህል ክብደት ይሸከማል። ሸክሙ ከክርን 35 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ የላይኛው ክንድ ጡንቻ ግን ከክርን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ተጣብቋል። ስለዚህ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይታሰብ እንኳ ጡንቻው 350 ኒውተን፣ ማለትም የሸክሙን 7 እጥፍ መሳብ ይኖርበታል። ተፈጥሮ እንግዲህ ከሰረች ማለት ነውን? አይደለም። ጡንቻ ራሱን ማሳጠር የሚችለው በጥቂቱ ነው፤ በዚህ አቀማመጥ ግን ጡንቻው 1 ሳንቲ ሜትር ባጠረ ቁጥር እጅ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በኃይል የጠፋው በፍጥነትና በርቀት ይመለሳል።

ቦሬሊ በዚሁ ዘዴ ሸክም የተሸከመውን ሰው ወገብ፣ የሚሮጠውንና የሚዘለውን ሁሉ መረመረ። ሰውን በሳንቃ ላይ አጋድሞ ሳንቃውን በስለታም መደገፊያ ላይ በማመዛዘን የሰውነት የክብደት ማዕከል የት እንዳለም ፈለገ። ጡንቻ የሚኮማተርበትን ምክንያት ግን በፍላትና በመነፋት ለማስረዳት መሞከሩ አልተሳካለትም፤ ያ ጥያቄ ከመካኒክስ ይልቅ የኬሚስትሪን ማደግ የሚጠብቅ ነበር።

የሒሳቡ ውጤት በመገጣጠሚያዎች ላይ የሚያርፈውን ጫናም ገለጠ። ጀርመናዊው ሐኪም ፓውልስ በ1935 ዓ.ም. የዳሌን መገጣጠሚያ በመፈንቅል ሕግ ተንትኗል። በኋላም መለኪያ በተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያዎች በተደረገ ምርመራ፣ በመደበኛ ርምጃ ዳሌ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከ2 እጥፍ በላይ መሆኑ ተረጋግጧል። ምርኩዝ ከታመመው ዳሌ በተቃራኒው እጅ የሚያዘውም ከመገጣጠሚያው ርቆ ሲደገፍ የጡንቻውን ድካም ይበልጥ ስለሚቀንስ ነው።

የጥንቱ እምነት በትምህርት ቤት አሁንም የሚደበቅበት ቦታ አለ፤ እርሱም እግር ነው። በጣቶች ላይ መቆም የሁለተኛ መደብ መፈንቅል ምሳሌ ተብሎ በብዙ መጻሕፍት ይቀርባል፤ ሸክሙ መካከል ላይ ስለሆነ ጡንቻው ያተርፋል ይባላል። የባት ጅማት ከቁርጭምጭሚት 5፣ የእግር ጣቶች ሥር ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ይርቃሉ እንበል። መደገፊያው የጣቶቹ ሥር፣ ሸክሙም የሰውነት ክብደት ብቻ ነው ብሎ የሚያሰላ ተማሪ የጡንቻው ኃይል ከክብደቱ 12/17 ነው፣ ማለትም ከክብደቱ ያነሰ ነው ይላል። ነገር ግን የባት ጡንቻ ራሱ ከታፋ አጥንትና ከቅልጥም ስለሚነሣ፣ ተረከዝን ወደ ላይ በሳበ ቁጥር ቅልጥምን በዚያው መጠን ወደ ታች ይጫናል። ሸክሙ ስለዚህ ክብደቱና የጡንቻው ኃይል ተደምረው ነው። ይህ ታስቦ ሲሰላ በአንድ እግር ለቆመ ሰው የጡንቻው ኃይል የሰውነቱ ክብደት 2.4 እጥፍ ይሆናል፤ መደገፊያው ቁርጭምጭሚት ነው ተብሎ ቢሰላም መልሱ ያው ነው።