የቁንጭር የላቦራቶሪ ምርመራ (ኦቾሎ፣ ጋሞ ዞን)

ቁንጭር ሌይሽማንያ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይ የቆዳ ቁስል ነው። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው ገደላማ ኦቾሎ፣ በሽታው ለረጅም ጊዜ ሲጠና ቆይቷል። በቋጥኝ ስንጥቅ የሚኖሩ ሽኮኮዎች ተሕዋሱን ይሸከማሉ፤ ወደ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሕፃናት ፊት፣ የሚያሻግረው የአሸዋ ዝንብ ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛው መንስኤ ሌይሽማንያ ኤትዮፒካ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

ሥጋ ደዌና የፈንገስ ሕመም ሊመስሉት ስለሚችሉ በዓይን አይቶ መፍረድ አይበቃም። ባለሙያው የቁስሉን ጠርዝ አጽድቶ፣ ደም እንዳይበዛ ቆዳውን ቆንጥጦ ይይዝና በስለት በስሱ ሰንጥቆ ይፍቃል። ናሙናው ስላይድ ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ በሜታኖል ይታከማል፤ ከዚያም በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚፈለገው ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሆነ ክብ ወይም ሞላላ የተሕዋሱ አካል ነው። ኒውክለሱን ብቻ ማየት አያሳምንም፤ በአጠገቡ ኪኔቶፕላስት የተባለው በትር መሰል የተሕዋሱ ክፍል ካልታየ የቀለም ዝቃጭን ተሕዋስ ነው ብሎ መሳሳት ይቀላል። ናሙናው በደም ከተጥለቀለቀ ጥቂቶቹ ተሕዋስያን ይሰወራሉ፤ ስለዚህ የሚፍቀው ሰው ልምድ ከመሣሪያው ጥራት አያንስም።

ቁስሉ ባረጀ ቁጥር ተሕዋሱ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሕመምተኛውን ያለ ሕክምና ለመመለስ ምክንያት ሊሆን አይገባም። የተሕዋሱን ዘረ መል የሚፈልገው ፒሲአር የተሻለ ይለያል፤ ተሕዋሱን በማሳደግ የሚሠራው ካልቸር ሳምንታት ይፈልጋል። በቆላ ለካላዛር (የውስጥ አካላትን ለሚያጠቃው የሌይሽማንያ በሽታ) የሚያገለግለው አርኬ39 ፈጣን የደም ምርመራ ግን ለቁንጭር አይረዳም።